በስምዎ የታሸገው በር

ደብረ ታቦር፣ የካቲት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ ሙላቴ አዳነ፣
ጂቡቲ

ይህች ወረቀት የወደቡ ሙቀት ሳያሸንፍዎት በሙሉ ጤና ታግኝዎት። እኛ ሁላችን ደህና ነን፤ ገብሱ ገብቷል፣ ላሟም ወልዳለች። እናቴ «የአጎቴን ልጅ ሙላቴን ሳሚልኝ» ብላለች። ስልኩ አንድ ቀን ሠርቶ ሦስት ቀን ስለሚጠፋ በደብዳቤ መጻፉን መርጫለሁ። የሚያደርስልኝ አንዋር ነው፤ በጭነት መኪና ጂቡቲ የሚመላለሰው፣ የነጋዴው የከማል ልጅ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ዩኒቨርሲቲው ለመምህርነት ልምምድ የመደበኝ አንቱ አሥራ አንድ ዓመት ኬሚስትሪ ባስተማሩበት፣ እኔም በተማርኩበት ትምህርት ቤት ነው። እስከ ግንቦት መጨረሻ እቆያለሁ፣ ሦስት ጊዜም እገመገማለሁ። ካለፍኩ መምህር እባላለሁ፤ ከወደቅኩ አራት ዓመት የለፋሁት ሜዳ ላይ ይቀራል።

ተናድጄ ነው የምጽፍልዎት፤ ይቅር ይበሉኝ። የተሰጠኝ ክፍል 10ኛ ለ ነው። ሰባ ስድስት ተማሪ አለበት፤ ለሦስት በተሠራ ዴስክ አራት ይቀመጣሉ። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፣ ፈተናውም በእንግሊዝኛ ነው፤ ልጆቹ ደግሞ እንግሊዝኛን የሚያውቁት እኔ የቅዳሴውን ግእዝ እንደማውቀው ነው፣ ዜማውን ይዘው ትርጉሙን ትተው። ፊቴን ወደ ሰሌዳ ሳዞር ከኋላ ዶሮ ይጮኻል። መለስ ስል ሰባ ስድስት ጻድቅ ተደርድሯል። ዶሮው ፋሲል የሚባል፣ ከገሳይ መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚማር ረጅም ልጅ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ማስረጃ የለኝም። አማካሪ ተብለው የተመደቡልኝ መምህር ሞገስ የመጀመሪያ ቀን ጠመኔ ሰጥተውኝ ወጡ፤ ከዚያ ወዲህ የምንተያየው በመስኮት ነው። ምክርዎን እሻለሁ።

ሌላም ነገር አለ። አሲድና ቤዝ ልጀምር ነው፤ ይህን በወሬ ማስተማር አልፈልግም። ቤተ ሙከራው ግን ታሽጓል። በሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት «ንብረቱ በመ/ር ሙላቴ አዳነ ስም ስለሆነ ርክክብ ሳይፈጸም አይከፈትም» ይላል። ስድስት ዓመት ሆነው። ቁልፉም አንቱ ጋር ነው ይላሉ። ሲሄዱ በኪስዎ ቀርቶ ከሆነ ለአንዋር ቢሰጡልኝ።

አክባሪዎ፣ ትርንጎ ዳኛቸው


ጂቡቲ፣ የካቲት 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለትርንጎ፣

የአባቶቻችን አምላክ ከክፉ ይሰውርሽ፤ የያዝሽውን ያስፈጽምሽ፤ ጾሙንም በሰላም ያስጨርሰን። እኔ ያው መጋዘን እጠብቃለሁ። ዕቃ ገባ፣ ዕቃ ወጣ፣ ፈርም። ሙቀቱን ለምጄዋለሁ።

መምህርነትን በመምረጥሽ ኮርቻለሁ። ስለ ረብሻው የጠየቅሽኝን ልመልስ። ጩኸትን በጩኸት ላሸንፍ አትበይ፤ ሰባ ስድስት ጉሮሮ ካንቺ አንድ ጉሮሮ ይበልጣል። ሲረብሹ ጠመኔሽን አስቀምጪና ዝም ብለሽ ቁሚ። ዶሮውን ልጅ ከፊት አስቀምጪውና ሥራ ስጪው፤ ሰሌዳ ያጽዳ፣ ደብተር ይሰብስብ። ሥራ የያዘ ሰው አይጮኽም። ደግሞ ተማሪ ከሚሰማው ይልቅ የሚያየው ነገር ይማርከዋልና ሁልጊዜ በተግባር አስተምሪ። እኔስ በዞን ደረጃ ምስጉን መምህር ተብዬ የተሸለምኩት በምን ሆነና? የምስክር ወረቀቱ እናንተ ሳሎን ተሰቅሎ የለም?

በአንዋር እጅ ነጭ ጋዋን ልኬልሻለሁ። ጋዋን የለበሰ መምህር ይከበራል። የቀረውን ሌላ ጊዜ እንጫወታለን። እናትሽን ሳሚልኝ።

አጎትሽ ሙላቴ


ደብረ ታቦር፣ መጋቢት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ሙላቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጾሙ እንዴት ይዞዎታል? ጋዋኑ ደርሶኛል፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ምክርዎም ሠርቶልኛል፤ ፋሲልን የደብተር ሰብሳቢ አድርጌው ዶሮው ሳምንት ሙሉ ታሟል። ስለ ቁልፉ ግን አንድም ቃል አልጻፉልኝም። ረስተውት ነው ብዬ በድጋሚ እጠይቃለሁ።

ቁልፍ ቢጠፋ እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥኩም። ከቤታችን ከጋፋት ስመጣ ከአጥራችን ቀይ ጽጌረዳ ለቅሜ፣ ቀቅዬ፣ ውኃውን በጠርሙስ ይዤ ገባሁ። ሰሚራ የምትባል ተማሪ ከእናቷ ከዘሀራ ሻይ ቤት ሃያ ብርጭቆ ተሸክማ መጣች፤ ረመዳን ነው፣ ልጅቷ ጾመኛ ናት፣ ግን ከማንም በፊት ደርሳ ስትደረድር አገኘኋት። ሎሚ ጠብ ሲደረግበት ውኃው ደም መሰለ። የአመድ ውኃ ሲጨመርበት አረንጓዴ ሆነ። ጋሼ፣ ያን ጊዜ ክፍሉን ቢያዩት። ከኋላ ያሉት አልታያቸው ቢል ዴስክ ላይ ወጡ፣ አንዱ ዴስክ ተሰነጠቀ፣ «ቲቸር ድገሚው» የሚለው ጩኸት ግቢውን ሞላው። አንድም ልጅ አልተኛም፣ አንድም ልጅ አልተሳደበም።

ርእሰ መምህሩ አቶ ዓለምነው በሩን በርግደው ገቡና «ይኸ ክፍል ነው ወይስ የእብናት የከብት ገበያ?» አሉኝ፣ በተማሪዎቼ ፊት። ክፋቱ ያን ቀን ከዩኒቨርሲቲ የመጣው ገምጋሚ ከኋላቸው ነበር። «ክፍል የመቆጣጠር ችሎታ፦ ደካማ» ብሎ ሄደ። አቶ ዓለምነው በየሰልፉ ላይ «ጋፋት ላይ ብረት አቅልጠው መድፍ የሠሩ ሰዎች ልጆች ናችሁ» ማለት ይወዳሉ። እነዚህ ልጆች ጨው ሲሟሟ እንኳ አይተው አያውቁም።

የባሰውን ልንገርዎት። መምህር ሞገስ ዕለታዊ ዕቅዴን አይተው «'በቤተ ሙከራ በተግባር ተሠርቷል' የሚለውን ሣጥን ለምን ባዶ ተውሽው? ሙይው፤ ሁላችንም የምናደርገው እንደዚያ ነው» አሉኝ። አልተሠራም አልኳቸው። «ባዶ ሣጥን ነጥብ ያስቀንስብሻል» አሉኝ። ሞላሁት። በማን እንደምናደድ ጠፍቶኛል።

ሁለተኛው ግምገማ ሳይደርስ እባክዎን ቁልፉን፣ ከሱም ጋር «በሌለሁበት ርክክብ ይፈጸም» የሚል የተፈረመ የውክልና ወረቀት ይላኩልኝ።

ትርንጎ


ጂቡቲ፣ መጋቢት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለትርንጎ ዳኛቸው፣

እግዚአብሔር ልቦና ይስጥሽ።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ሁለተኛው ንባብ ከመጀመሪያው ባሰብኝ። ቁልፍ በጭነት መኪና የሚላክ ሽንኩርት አይደለም። አንቺ የመንግሥት ንብረት በስምሽ ተጽፎ አያውቅም። እኔ የፈረምኩት ለሁለት መቶ አርባ ዓይነት ዕቃ ነው፣ ከማይክሮስኮፕ እስከ ጠብታ መለኪያ። አንድ ብልቃጥ ሲሰበር ማን እንደሰበረው አይጠየቅም፤ የፈረመው ነው የሚጠየቀው። አንድ ጓደኛዬ ለሰባት የመስታወት ቱቦ ሁለት ዓመት ሙሉ በየቢሮው ሲንከራተት አይቻለሁ። እኔ አሥራ አንድ ዓመት ስይዝ አንድም ነገር አልተሰበረብኝም። ይህን ለአቶ ዓለምነውም ለሞገስም ንገሪ።

ቆልፌ የሄድኩትም በክፋት አይደለም። ተረከቡኝ ብዬ ሦስት ወር ለምኜ ነበር። ዛሬ ኮሚቴው አልተሟላም፣ ነገ ሰብሳቢው ስብሰባ ሄደ፤ ሰለቸኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ ያንን ወረቀት ለጥፈው ስድስት ዓመት የሚያዩት እነሱ ናቸው፣ እኔ አይደለሁም።

አንድ ቀን ጽጌረዳ ቀቅለሽ የአገሩን መምህር ሁሉ ሰነፍ አደረግሽው። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም። አርፈሽ ልምምድሽን ጨርሺ፤ ሣጥኑን ሙይ ካሉሽም ሙይ። ጫማ ልኬልሻለሁ፤ መምህር ቆሞ ነው የሚውለው።

ሙላቴ አዳነ


ደብረ ታቦር፣ መጋቢት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ሙላቴ፣

ጤና ይስጥልኝ። ጫማው ልኬ ነው። ጋዋን ጠይቄዎት አላውቅም፣ ጫማም ጠይቄዎት አላውቅም። የጠየቅኩት ቁልፍ ነው።

አንድም ነገር አልተሰበረብኝም ብለው ጽፈዋል። ረስተውት እንደሆነ ላስታውስዎት፤ እኔ በ2010 ዓ.ም. የ10ኛ ሀ ተማሪዎ ነበርኩ። የዚያን በር ቀለም እስከ ጭረቱ አውቀዋለሁ፣ ከውጭ በኩል። የመስታወት ቢከር በእጄ የያዝኩት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው። በሁለት እጄ አቅፌ ስይዘው ከትልልቅ ከተሞች የመጡት ልጆች ሳቁብኝ፤ አንዷማ «እንቁላል ነው እንዴ የያዝሽው?» አለችኝ። ያን ቀን መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። በራሴ ድንቁርና ነበር ያፈርኩት። አሁን ሳስበው ማፈር የነበረብኝ እኔ አልነበርኩም።

ባለፈው ሐሙስ አሲድ ወደ ውኃ እንጂ ውኃ ወደ አሲድ አይጨመርም እያልኩ ሳስጽፍ ፋሲል ተነሣ። ሊቀልድ ነው ብዬ ጠበቅኩ። «ቲቸር፣ አንቺ'ኮ እዚሁ ነው የተማርሽው። ያ በር ተከፍቶ አይተሽው ታውቂያለሽ?» አለኝ። አላውቅም አልኩት። ክፍሉ ጭጭ አለ። ልምምድ ከጀመርኩ ወዲህ ያገኘሁት የመጀመሪያ ጸጥታ ይኸው ነው፣ እሱንም ባላገኘው እወድ ነበር። በማግስቱ አሥራ ሁለት ልጆች ቀሩ።

የንብረት ክፍል ኃላፊዋን ወይዘሮ አሰለፈችን ሄጄ ጨቀጨቅኳቸው። በመጨረሻ ኮሚቴ አስጠሩ። ሚያዝያ 2 ቀን ሐሙስ በሩ ይከፈታል፤ ቁልፍና ውክልና ከመጣ በሰላም፣ ካልመጣ በመዶሻ። በመዶሻ ከተከፈተ የጎደለው ሁሉ ሸሽተው በሄዱት ሰው ስም ይጻፋል ብለዋል። «ሸሽተው» ያሉት እሳቸው ናቸው። እኔም አልተቃወምኳቸውም።

ትርንጎ


ጂቡቲ፣ መጋቢት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ትርንጎ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን፣ ለቤታችሁም ይሁን። ቁልፉን በአንዋር እጅ በላክኩት ሳሙና መጠቅለያ ውስጥ ታገኚዋለሽ። የውክልናውም ወረቀት ተፈርሞ አለ፤ እኔን ወክለሽ የምትቆሚው አንቺ ነሽ።

አንድ ነገር ብቻ አድርጊልኝ። ኮሚቴው ሳይመጣ ብቻሽን ግቢ። ከጠረጴዛው ሁለተኛ መሳቢያ አረንጓዴ ጀርባ ያለው ትልቅ መዝገብ አለ። አውጪና አቃጥይው። ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ። ሌላ ምንም አትንኪ፤ የጎደለ ዕቃ የለም፣ መድኃኔዓለም ምስክሬ ነው።

ጋዋንም ጫማም የላክኩልሽ ውለታ ይቅር፤ ይህን አንድ ነገር ብቻ። እናትሽ እንዳትሰማ።

አጎትሽ


ደብረ ታቦር፣ ሚያዝያ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ሰላምታዬን መጨረሻ ላይ እጽፋለሁ፣ እስከዚያ ከደረስኩ።

አልገባሁም። አንዋር ቁልፉን ያመጣልኝ ረቡዕ ከቀትር በኋላ ነው፤ ጊዜ ነበረኝ። ደብዳቤዎን ሳነብ አጎቴ ሌባ ነው ብዬ ደነገጥኩ። ሐሙስ ጠዋት ቁልፉን በኮሚቴው ፊት ለወይዘሮ አሰለፈች አስረከብኩ። ሲከፈት ሌብነት ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

የጎደለ የለም፣ እውነትዎን ነው። ሁለት መቶ አርባው ዓይነት አንድ ሳይቀር አለ። የእንጨት ሣጥኖቹ ከመጡበት ቀን ጀምሮ በሚስማር እንደተመቱ ናቸው፤ ጠራቢ አስጠርተን በጉጠት ነው የነቀልነው። ማይክሮስኮፑ ከነላስቲኩ ነው። ቢከሮቹ ላይ የፋብሪካው ወረቀት እንደተለጠፈ ነው። አሥራ አንድ ዓመት አልተሰበረብኝም ያሉት ለዚህ ነው። ያልተነካ ዕቃ በምን ይሰበራል?

ከዚያ መዝገቡ ወጣ። ወይዘሮ አሰለፈች ገለጥ ገለጥ አድርገው ለእኔ ሰጡኝ። በአንቱ ያማረ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦ «ኅዳር 12 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ 10ኛ ሀ፣ አሲድና ቤዝ፣ በስድስት ቡድን በተግባር ተሠርቷል፣ የተሰበረ የለም።» ቡድን ሦስት ሥር መሪዋ ተጽፋለች፣ ትርንጎ ዳኛቸው። ያላየሁትን ሙከራ መርቼዋለሁ ለካ። በዚህ ነው የተሸለሙት። በዚህ የተገኘውን ምስክር ወረቀት ነው እናቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር ግድግዳው ላይ የምታሳየው።

ወይዘሮ አሰለፈች መዝገቡን መልሰው ዘጉትና «ምን ትገረሚያለሽ፣ ሁሉም ያው ነው» አሉኝ። ያንገበገበኝ ይኸ ነው። የእኔም ዕቅድ መምህር ሞገስ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ሄጄ ያንን የሞላሁትን ሣጥን በቀይ እስክርቢቶ ሰርዤ «አልተሠራም» ብዬ ጻፍኩበት። ሁለተኛውን ግምገማ እሳቸው ናቸው የሞሉት፤ «ምክር አትቀበልም» ይላል።

ከፋሲካ በኋላ ሰኞ ሚያዝያ 20 ቀን በሩን ወይዘሮ አሰለፈች ከፍተውልኝ 10ኛ ለን በሦስት ዙር ከፍዬ አስገባሁ። ሰባ ስድስቱም መጡ፤ የቀሩትም መጡ። ፋሲል ጠብታ ሲያንጠባጥብ ትንፋሹን ውጦ ነበር፣ ያን ረጅም አንገቱን አቀርቅሮ። ልጆቹ የሚነጋገሩት በሹክሹክታ ነበር። ዝም በሉ አላልኳቸውም፣ እነሱው ናቸው የፈሩለት። በሦስተኛው ዙር ሰሚራ ብልቃጥ ስታጥብ አመለጣትና ወለሉ ላይ ተበተነ። ማንንም አልቆረጠም። ልጅቷ ግን የሰው ነፍስ ያጠፋች ይመስል ደርቃ ቀረች።

አቶ ዓለምነው ዕለቱን በሩን መልሰው ቆለፉት። ሰሚራ ብልቃጡን ተክታ እስክትመጣ ክፍል አትገባም ተባለ። ከየት ታምጣው? ደብረ ታቦር ውስጥ ብልቃጥ የሚሸጥ ሱቅ የለም። እናቷ ዘሀራ አንድ ደርዘን የሻይ ብርጭቆ ይዛ መጥታ ለመነች፤ መለሷት። «አንቺ ነሽ የሰበርሽው በሉኝ» ብዬ አቶ ዓለምነውን ብለምናቸው «አንቺ በምን ሥልጣን ትጠየቂያለሽ፣ እንግዳ ነሽ» አሉኝ። ዕቃው ተቆጥሯል እንጂ ፈርሞ የሚረከብ መምህር ጠፍቶ ንብረቱ አሁንም በስምዎ ነው። መምህር ሞገስ «እኔ ልጆች አሉኝ» ብለው ወጡ። ልጅቷ ዛሬ አራተኛ ቀኗ ነው፤ ሻይ ቤት ብርጭቆ ታጥባለች። የአሥረኛ ክፍል አንደኛዬ እሷ ነበረች።

መዝገቡን አላቃጠልኩትም። በሩ ተመልሶ ሳይቆለፍ ከአንቱ የመጨረሻ መስመር ሥር የራሴን ጽፌበታለሁ፦ «ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ 10ኛ ለ፣ አሲድና ቤዝ፣ በሦስት ዙር ተሠርቷል፣ አንድ ብልቃጥ ተሰብሯል።» የምስክር ወረቀቱንም ከግድግዳው አውርጄዋለሁ። እናቴ ለምን ብትለኝ መስታወቱን ላጽዳው ነው አልኳት። አንቱን ስወቅስ ይኸው እኔም ዋሸሁ።

ለሰላምታ አልደረስኩም።

ትርንጎ


ጂቡቲ፣ ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለትርንጎ፣

እኔም ሰላምታውን እዘለዋለሁ፤ የሚገባኝ አይመስለኝም።

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። በመጀመሪያው አንቺን ረገምኩ። በሁለተኛው ዓለምነውን ሰደብኩ። በሦስተኛው የሚሰደብ ሰው ሲጠፋ እኔው ቀረሁ።

በ2000 ዓ.ም. ሣጥኖቹ ሲመጡ የመጀመሪያውን ልከፍት ጉጠት ይዤ ቆሜ ነበር። ተማሪዎቹ በመስኮት ተደርድረው ያዩኛል። ፊርማዬን አሰብኩና ጉጠቱን አስቀመጥኩ። ከሰኔ በፊት እከፍተዋለሁ አልኩ። ሰኔ ሲደርስ ሪፖርት ተጠየቅኩ፣ ጻፍኩ። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል፤ በሁለተኛው ዓመት እጄ አልከበደኝም። ሽልማቱ ሲመጣ ደግሞ ሣጥኑን መክፈት ራሱ አስፈራኝ፣ የኋላው ሁሉ ሊወጣ ነው ብዬ። ሰው ከአገሩ ለምን ሄድክ ሲለኝ ኑሮ ነው እላለሁ። ኑሮ ብቻ አልነበረም። እናደዳለሁ ትርንጎ፣ ግን አሁን ባንቺ አይደለም።

ከዚህ ጋር ለንብረት ክፍሉ የጻፍኩትን አያይዣለሁ። እንዲህ ይላል፦

«እኔ ስሜ ከታች የተጻፈው የቀድሞ መምህር፣ ከ2000 እስከ 2011 ዓ.ም. በሙከራ መዝገብ የሞላሁት በሙሉ ሐሰት መሆኑን፣ በነዚያ ዓመታት አንድም ተማሪ በቤተ ሙከራው አለመማሩን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ። ተማሪ ሰሚራ ሰበረችው የተባለው ብልቃጥ በእኔ ስም ያለ ንብረት ስለሆነ ተጠያቂው እኔ ነኝ፤ ተማሪዋ ወደ ክፍሏ ትመለስ። ከእንግዲህም ተማሪዎች ሲማሩበት የሚሰበረው ሁሉ በእኔው ስም ይጻፍ። በሩ ይከፈት።»

ሦስተኛው ግምገማሽ ስንት ቀን እንደቀረው አላውቅም። ይህ ወረቀት ይጥቀምሽ ይጉዳሽም አላውቅም፤ ዘመዴ ነው ማለት ከከበደሽ አትበይ።

ወረቀቱን ለአሰለፈች ብቻ ብትሰጫት መሳቢያ ውስጥ ነው የምታኖረው። ስለዚህ ሰኞ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማው ሲሰቀል፣ ተማሪው ሁሉ በተሰለፈበት፣ ሰሚራን ከእናቷ ቤት አስመጥተሽ፣ አንቺው አንብቢው። ስሜ ላይ ስትደርሺ አታሳጥሪ፤ ሙላቴ አዳነ ይርጋ ብለሽ እስከ አያቴ ጥሪው። ሽልማቱን እንድቀበል መድረክ ላይ የተጠራሁት እንደዚያ ነበር።

ሙላቴ አዳነ ይርጋ